በሩ በየት በኩል ነው?

የቅርስ ጥናት ባለሙያዋ የኮምፒውተሯን ስክሪን በኮፍያዋ ከፀሐይ ከልላ ለእርሻው ባለቤት አሳየቻቸው። ሽማግሌው ጠዋት «መሬቴን ልትቆፍሩብኝ ነው!» ብለው በቁጣ ነበር የመጡት፤ አካፋ የሚባል ነገር ሲያጡ ግን ትንሽ በረድ አሉ። ከመሬት ሥር ያለውን የሚያሳየውን መሣሪያዋን ብረት ያውከዋል ስለተባሉ ጫፉ ብረት የሆነውን ምርኩዛቸውን ድንበሩ ላይ ትተው፣ ባዶ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ቆመዋል።

«ይኸው አባባ፣ ይሄ መስመር ከመሬቱ ሥር ያለ ግድግዳ ነው። ይሄ ጥቁሩ ደግሞ ምድጃ ሳይሆን አይቀርም። ከሺህ ዓመት በፊት ሰው ኖሮበታል።»

«እና ልትነቅሉኝ ነው፣ ልጄ?»

«እኔ ካርታ ላይ አሰፍረዋለሁ እንጂ አልቆፍርም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን የቅርስ ቢሮው ነው የሚወስነው፤ ልዋሽዎት አልፈልግም።»

እርግማን ጠበቀች። ሽማግሌው ግን ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና «በሩስ በየት በኩል ነው?» አሏት። መስመሩ የሚቋረጥበት ቦታ ሄዳ ትንሽ የፕላስቲክ ባንዲራ ተከለችና ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

እሳቸው ወደ እግራቸው አዩ። የቆሙት ምድጃው አጠገብ ነበር። «አርባ ዓመት ሙሉ በግድግዳ ስገባ!» ብለው አጉተመተሙ። በባንዲራው በኩል ቀስ ብለው ወጡ፣ ዞሩ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጅ ቆሙ።

«ቤቶች!» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይግቡ አባባ» አለች፤ «ቤትዎ ነው።»