ቱቦው ካፉ ሲወጣ

የሰቆጣው የሳይንስ መምህር ገብረ ጻድቅ ያቺን ክንድ የማትሞላ አውሮፕላን ጠረጴዛው ላይ ጠፍሮ ካሰራት ሦስት ቀኑ ነው። ወዳገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ባልደረባው ትቶለት የሄደ ዕቃ ነው። ሞተሯ ይነሣል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ትክትክ እንደያዘው ሕፃን ስሎ ስሎ ቀጥ ይላል። ዛሬ ከጠርሙሱ የመጨረሻውን ነዳጅ ሞላላት።

«ነዳጅ እያለ ለምን ይጠፋል?» አለ ሊያግዘው ሱቁን ዘግቶ የመጣው ጓደኛው ሰላሕ።

«ነዳጁን ከቆርቆሮው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር አንሶ ነው። አንተ አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረውን ውልብልቢት በጣትህ ምታልኝ፤ እኔ በዚህ ቱቦ አየር እነፋለታለሁ።»

ሰላሕ መታው። ገብረ ጻድቅ ቱቦውን በከንፈሩ ይዞ ቢነፋ ሞተሩ ጮኸ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ቱቦውን ካፉ ሲያወጣውም አልቆመም።

«እሰይ! በል አጥፋው።»

ሰላሕ ጨርቅ ወርውሮ ውልብልቢቱን አነቀው። ሞተሩ ጠፋ። ገብረ ጻድቅ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ደረቱ አይነሣም፣ አይወርድም። ፊቱ እየጠቆረ ጉሮሮውን በጥፍሩ ቧጨረው። ሰላሕ ጀርባውን በቡጢ ደበደበው፤ ምንም። ገብረ ጻድቅ እየተንፈራገጠ ወደ ሞተሩ ጠቆመ።

ሰላሕ ጨርቁን መንጭቆ ውልብልቢቱን መታ። ሞተሩ ጣቱን ከአንጓው ጎምዶ፣ ደሙን ግድግዳው ላይ ረጭቶ ተነሣ።

ገብረ ጻድቅ አየር ሳበ።

«ያ ረቢ!» ሰላሕ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ጠርሙሱን ፈለገ። አገኘው፤ ገለበጠው። ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ሞተሩ እንደ ልማዱ ማሳል ጀመረ። ገብረ ጻድቅም።