«ደህና ነህ?»

የአምቡላንስ መጥሪያው መተግበሪያ ክላውድ ላይ ሲወጣ፣ ጤንነቱን የሚከታተለውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ነበረች። ፕሮግራሙ በየደቂቃው መተግበሪያው የሚሠራበትን ሰርቨር «ደህና ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ከጠፋ የእሷ ስልክ ይጮኻል። የሰርቨሩንም መልስ ራሷ ጻፈችለት፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ባልደረቦቿ በሳቅ አውካኩ።

ምንተስኖት ብቻ አልሳቀም። «ጥሪዎቹ የሚመዘገቡበት ዳታቤዝ ወድቆ ጥሪ መቀበል ቢያቅተውስ? ይኼ እኮ ትንፋሹ እስካለች ድረስ ደህና ነኝ ነው የሚልሽ።»

«እንደ አባዬ ነው በለኛ!» አለችው። «የቀረውን ፍተሻ ሰኞ እጨምርበታለሁ።»

አርብ ረፋዱ ላይ ለአባቷ ደወለች። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ሥራዋን ቀጠለች። ለምሳ ልትነሳ ስትል ስልኳ ጮኸ። ማንቂያው መስሏት ብድግ አደረገችው፤ የአባቷ ጎረቤት እትዬ ዘርፌ ናቸው፣ እያለቀሱ።

«ልጄ፣ አባትሽ በር ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ያንን ያንቺን አምቡላንስ በስልኬ ብጠራ፣ ብጠራ፣ 'ይጠብቁ' እያለ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አሁንማ... አሁንማ አምቡላንሱ ይቅር። አንቺ ነይ።»

ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ የሰርቨሩን መልሶች የሚያሳየውን ስክሪን አየች። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። እያየችው አንድ አዲስ መስመር ተጨመረ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»