ለአርባው የሚጠሩ ሰዎች

«አገር ሁሉ አይቶኛል፤ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ። በል አሳየኝ» ይላሉ እማማ ብዙነሽ፣ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው።

ስምንተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ ነን። የጠራኋቸው ለሌላ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ከመላክህ በፊት አስብ» ብዬ የዛሬውን ትምህርት ጽፌያለሁ። ተማሪዬ መክሊት ከፊታቸው ቆማ ይቅርታ ልትጠይቅ፣ እሳቸው ሊቆጧት፣ ሌላው ሊማርበት፤ ሐሳቤ ይኼ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ የተቀበሩ ዕለት ለቅሶውን በስልክ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ የለቀቀችው እሷ ናት። እማማ ብዙነሽ ግን ሊቆጡ የመጡ አይመስሉም። ከጋፋት በእግራቸው መጥተው፣ የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ አራግፈው ገቡና መጀመሪያ ልየው አሉ።

ስልኬን አውጥቼ እከፍተዋለሁ። በጥቁር የተነከረ ነጠላቸውን ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ ሲያወርዱ ይታያሉ፦

ጭነቱን ማን ያውርድ፣ ማን ይፍታ ገመዱን፣
አህያህ ቆማለች እያየች መንገዱን።

ከበስተኋላ የታሰረችው አህያ ወዲያው ታናፋለች። ሌላ ግጥም ያወርዳሉ፤ አህያዋ እንደገና ታናፋለች። አገሩን ያሳቀው ይኼ ነው። ከኋላ ወንበር አንዱ አፍኖ የያዘው ሳቅ በአፍንጫው ያመልጠዋል። ማንም አይከተለውም።

እማማ ብዙነሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ወደ ዓይናቸው ያስጠጉታል።

«አየሃት? አለቀሰች እኮ! እኔ ያን ዕለት መቼ ሰምቻት። አሥር ዓመት ሙሉ ወፍጮ ቤት ከሱ ጋር ስትመላለስ ኖራ… ተቀበለችኝ እኮ!» እንባቸውን በመዳፋቸው ይጠርጋሉ። «ይኼ ከታች የሚግተለተለው ጽሑፍስ?»

«ያዩት ሰዎች የጻፉት ነው፣ እማማ።»

«ለእኔ?»

«አዎ… ለአንቱ።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አንብብልኝ።»

የመጀመሪያው «ከሴትዮዋ አህያዋ ትሻላለች» ይላል።

«‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ይላል» እላለሁ።

«አሜን።»

ቀጣዩ «ለአህያዋ ማይክ ስጧት» ይላል።

«‹ነፍሳቸውን ይማር› ይላል።»

«አሜን።»

አንዱንም ሳያስቀሩ አሜን ይላሉ። እኔም በዚሁ አፌ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ነው የመጣሁት። የፊት ወንበር ልጆች ጽሑፉን በቃላቸው ያውቁታል፤ እግራቸውን ያያሉ። አንገቷን ደፍታ የቆመችው መክሊት ግን ቀና ብላ አፌ አፌን ታየኛለች።

«ስንት ሰው ነው ያየው?»

«አሥራ አንድ ሺህ።»

«አሥራ አንድ ሺህ!» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። «ወርቁ በዕድሜው አሥራ አንድ ሰው ሰብስቦ አያውቅ! ለዚህ ሁሉ ጠላ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ለአንድ አፍታ የዳንሁ ይመስለኛል።

«እንግዲያ የዚህን አገር ሰው ብቻ ንገረኝ» ይላሉ። «እሑድ አርባው ነው። ያለቀሰልኝን ሳልጠራ ብቀር ምን ይሉኛል? ነገ ከነሱ ቤት ሞት ሲገባ እኔም መድረስ አለብኝ።» የነጠላቸውን ዘርፍ ይሰበስባሉ፤ ላንድ ሰው አንድ ቋጠሮ ሊቋጥሩ ነው፣ እንዳይረሱት።

«ስማቸውን አልጻፉም፣ እማማ። የቅጽል ስም ነው ያለው።»

ጣታቸው ግን እኔ ሳነብ ስልኩን መግፋት ለምዷል። ወደ ላይ ይገፉታል፤ ደግመው ይገፉታል፤ ከዚያ ቆም ይላሉ።

«ይኼ አንተ አይደለህ?»

እኔ ነኝ። ከጽሑፌ አጠገብ ያለው የጥምቀት ዕለት ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ የተነሣሁት ፎቶ ነው። ያን ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ቪዲዮውን ሲልክልኝ፣ ሴትዮዋ ማን ናቸው፣ ማን ሞቶባቸው ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ሁለት ቃል ጻፍሁበት፤ ለመምህራኑ የቴሌግራም ቡድን አሳለፍሁት፤ ወደ ሻዬ ተመለስሁ። ነገሩ ርእሰ መምህሩ ጋ ሲደርስ መክሊትን ቢሮ ጠርቼ የተቆጣኋት እኔው ነኝ። የራሴን ረስቼው ነበር። ልጆቹ አልረሱትም፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«በሳቅ ሞትሁ» ነው የሚለው።

«ነህ አይደል? እሰይ! አንተማ ምን አልኸኝ?»

ለሌላው የቀለለ ምላሴ ለራሴ እንቢ ይላል። ሃምሳ ሁለት ልጅ ይጠብቃል።

«‹እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ከልቤ አዝኛለሁ› ነው የሚለው፣ እማማ» ትላለች መክሊት።

ስልኩን አላየችም። የምታየው እኔን ነው። እንዴት እንደሚባል አሁን፣ እዚሁ፣ ከእኔ ሰምታለች።

«አሜን። ተባረክ የኔ ልጅ፤ መድኃኔ ዓለም ብድርህን ይክፈልልኝ» ይላሉ እማማ ብዙነሽ። ከነጠላቸው ዘርፍ አንዱን ክር ይመርጡና ቀስ ብለው፣ እንዳይፈታ በጥርሳቸው እየሳቡ፣ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ።