ዘመድ ቆጣሪው ሰርቨር

በኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት ወደ ሃሊሳ ሰፈር ወርዶ አባ ኣብረሃን ያማክራል። አባ ኣብረሃ የጎንደሩንም የትግራዩንም ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በሰባት ቤት ውስጥ የሚገናኙ ከሆነ ጋብቻው ይቀራል፤ ወጉ ይኸው ነው።

የሰፈሩን ወጣት ናዳቭን ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። የሚሠራው ኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂ የሌለው ነገር ሁሉ ያሳዝነዋል።

"ይህ ሁሉ ዘር በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ፣ ያውም ያለ ጊቡይ? ዛሬ ወድቆ ቢሞትስ?" አለ። ጊቡይ የሚለው በዕብራይስጥ ያንኑ መጠባበቂያ ቅጂ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ሽማግሌውን ሲያስወራ ከርሞ ሁሉንም ወደ ሰርቨር አስገባ። ዋናው ሰርቨር በሰፈሩ ማኅበር ቢሮ ተቀመጠ፤ ተጠባባቂው ደግሞ ጎረቤት ከተማ ቲራት ካርሜል፣ የጓደኛው መጋዘን ውስጥ። የተሳሳተ ስም ካለ እንዲያርሙ ለአባ ኣብረሃ የራሳቸውን የይለፍ ቃል ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ።

በጸደይ የገዛ እህቱ ኖጋ ማታንን አገባለሁ አለች። የማታን ወላጆች ከትግራይ ናቸው። ጎንደሬና ትግሬ በየት ተገናኝቶ፣ ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሠርጉን እንዳለቀ ቆጠረው። የኖጋ አባት ካሣዬ ግን በወግ የሚደራደር ሰው አልነበረም።

"ሰውም ይቁጠር ማሽን፣ ሳይቆጠር ልጅ አልድርም። ከተገናኙም ነገሩ እዚያው ያበቃል" አለ።

በቆጠራው ዋዜማ ኖጋና ማታን አባ ኣብረሃን ከሃሊሳ በመኪና አመጧቸው። ሁለቱ ከፊት እየተሳሳቁ፣ ሽማግሌው ከኋላ ሆነው እያዩዋቸው። ቢሮው ሲደርሱ ከአባቱ ጋር ይጠብቅ የነበረው ናዳቭ ማሽኑን ያስጎበኛቸው ገባ።

"አባ፣ ታያለህ? እዚህ የተጻፈ ወዲያው ቲራት ካርሜልም ይጻፋል።"

ካሣዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ሽማግሌን አንተ ሲል በሰማ ቁጥር ጉሮሮው ይከረክረዋል።

"እዚህ የተሰረዘስ?" አሉ አባ ኣብረሃ።

"እዚያም ይሰረዛል። ግን ጊቡይ አለ፤ በየሌሊቱ ሁሉም ይገለበጣል።"

"የትናንቱ ግልባጭ የት ይሄዳል?"

"የዛሬው ሲመጣ ይጠፋል። ቦታ ለምን ይይዛል?"

"ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?"

"በየጠዋቱ አረንጓዴ መልእክት ይልክልኛል፤ ቤሰደር፣ ሁሉም ደኅና ነው ማለት ነው።"

አባ ኣብረሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ናዳቭ ወደ አባቱ ጠጋ ብሎ "ቀንቷል" አለ። "ከእንግዲህማ ማን ይፈልገዋል?"

በማግስቱ ሁለቱ ቤተሰቦችና አባ ኣብረሃ በቢሮው ተሰበሰቡ። ናዳቭ የኖጋን ስም ጻፈ። የለችም። የማታንን ጻፈ። እሱም የለም። ቲራት ካርሜል ያለውን ከፈተ፤ ባዶ ነው። የሌሊቱን ቅጂ ከፈተ። ቅጂው ባዶውን በታማኝነት ገልብጦ፣ ባዶውን አስቀምጦ፣ አረንጓዴውን መልእክትም በሰዓቱ ልኮ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይኼ ነው።

ማን እንደሰረዘ ማሽኑ መዝግቧል፤ ትናንት ከጉብኝቱ በኋላ፣ ሳይመሽ፣ በአባ ኣብረሃ ስም።

"ምን በድለንዎት ነው?" አለ ካሣዬ።

"እጄ ስቶ ይሆናል።"

"ቅናት ነው እንጂ" አለች የናዳቭ እናት ድንቄ፣ ለጎረቤቷ የምትነግር መስላ ሁሉም እንዲሰማ። ኖጋ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ታለቅስ ነበር። የማታን አባት ባርኔጣውን አንስቶ ወደ በሩ ሲሄድ ሚስቱ ሕሪት ክንዱን ያዘችው።

"ያጠፉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይቁጠሩልን" አለች።

ሌላ ምርጫ አልነበረም። አባ ኣብረሃ ዓይናቸውን ጨፍነው የኖጋን ወገን እስከ ሰባት ቤት አወረዱት። ወደ ማታን ወገን ተሻገሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸውና ውሃ ጠየቁ። ናዳቭ ያረጀ ዲስክ ነው ብሎ በሆዱ ሳቀ። ጠጥተው ቀጠሉና ጨረሱ።

"አይገናኙም። ይጋቡ።"

እልልታው ቀለጠ። ለሽማግሌው ግን አመሰግናለሁ ያለ አልነበረም። የፈለጉትን አገኙ፣ ተለምነው ቆጠሩ ተብሎ ታሙ።

በሠርጉ ቀን ናዳቭ ሁለት መለኪያ ሲቀምስ አንጀቱ ራራና ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

"አባ፣ ቂም የለኝም። ግን ልፈለግ ብለህ የእህቴን ሠርግ ልታፈርስ ነበር፤ ይኼ ያሳዝነኛል።"

አባ ኣብረሃ የሚጨፍሩትን ሙሽሮች ያዩ ነበር።

"በሚቀጥለው ሳምንት የድምፅ መቅጃ ይዤ እመጣለሁ" አለ ናዳቭ። "እንደ አዲስ ሁሉንም ትነግረኛለህ። አሁንስ ሦስት ጊቡይ ነው የምሠራው።"

"እነግርሃለሁ ልጄ። እናኑን ግን ለመቅጃህ አልነግርም።"

"እናኑ ማን ናት?"

ሽማግሌው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

"ስድስተኛው ቤት ላይ፣ ኖጋም ማታንም የእሷ ዘር ናቸው።"