ከመጽሐፉ የሚጎድለው ሳምንት

ባልየው በሰው አገር ፍራሽ ተሸክሞ እየዞረ ሸጠ፣ ቆይቶ የፍራሽ ፋብሪካ ከፈተ፣ በመጨረሻም ወላጅ የሌላቸው ልጆች የሚያድጉበት ቤት አሠራ። በምረቃው ቀን፣ «እኔም እናት አባት ሳላውቅ ነው ያደግሁት» ብሎ ሲናገር ያላለቀሰ አልነበረም። ሚስቱማ አንድ መሐረብ አልበቃትም።

ሃምሳ ሲሞላው ፋብሪካውን ለሥራ አስኪያጅ ትቶ የጉዞ መጽሐፍ መጻፍ ያዘ። አሠራሩ ለየት ያለ ነው፤ በሄደበት ሁሉ የሚቀጥረው ሾፌር ይጠይቃል፣ እሱ ትንፍሽ ሳይል ይጽፋል። ጸሐፊ አፉን ከከፈተ ሰው ይሽኮረመማል ባይ ነው።

ረቂቁን የምትተይብለት ሚስቱ ናት። በየዓመቱ ጉዞውን ከትውልድ ከተማው ይጀምራል፤ እዚያ የሚያሳልፋትን ሳምንት ግን አንድም ጊዜ ጽፏት አያውቅም። ሻንጣውን ስታዘጋጅ ደግሞ የሴት ሹራብና ለስላሳ የሴት ጫማ ታገኛለች። ነገሩ ገባት። የሃያ ዓመት ትዳሯን አንዲት ቅምጥ ልትነጥቃት ነው።

ዘንድሮ ሳታስነቃ ተከትላው በረረች። እሱ ወደሚቀጥለው አገር ባለፈ ማግስት እዚያው የቀረውን ሾፌሩን ያዘችው።

«እትዬ፣ ይቅርብዎ» አላት።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ጠባብ መንገድ ዳር ካለች አንድ ክፍል ቤት አደረሳት። የምትናገረውን ሁሉ በልቧ አሰናድታ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ሹራቡን ለብሳ አልጋ ላይ የተቀመጠችው ግን ዓይነ ስውር አሮጊት ናት። ሚስትየው በኀፍረት ኩምሽሽ አለች፤ የጸሐፊው ባለቤት መሆኗን በለሆሳስ ተናገረች።

አሮጊቷ ደስ ብሏት ወንበር ጠቆመቻት። ባልሽ ደግ ናቸው አለቻት፤ ድምፃቸውን ሰምታው ባታውቅም በየዓመቱ እየመጡ ይጠይቋታል፣ የሚያወራላቸው ሾፌራቸው ነው። ስለ አንድያ ልጇ ነው የሚጠይቋት፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ተሰዶ እንደወጣ ስለቀረው።

«ከሰው አገር መጣን የሚሉ ሰዎች ልጅዎ ሞቷል፣ ሲቀበር ነበርን፣ እርምዎን ያውጡ ይሉኛል» አለች። «ልቤ ግን እምቢ አለኝ፣ ልጄ። በር በተከፈተ ቁጥር እሱ ይመስለኛል።»

ሚስትየው እንዲህ ያለውን ሰው በመጠርጠሯ ራሷን ረገመች፤ ሲመለስ እግሩ ላይ ወድቃ ይቅር በለኝ ልትለው ወሰነች።

«ፎቶግራፉ ካለዎት ይስጡኝ፣ እማማ። ባለቤቴ በሚቀጥለው መጽሐፉ ያወጣዋል፤ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም።»

አሮጊቷ ትራሷን ዳብሳ ከሥሩ አወጣችና ሰጠቻት።

ባሏ ነበር።