የግራ ጉትቻ

ከአዲሱ ሕግ ወዲህ ችሎት ፊት የቆመ ልጅ ሦስት መልስ አለው፤ ጥፋተኛ ነኝ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም፣ ይፋቅልኝ። «ይፋቅልኝ» ያለ ልጅ አይታሰርም፤ ጥፋቱን የፈጸመበት ዓመት ግን ሙሉ በሙሉ ከትዝታው ይፋቃል። የሰፈር ሱቅ ሰብራ የተያዘችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሶስና እናቷ ትርንጎ ስትለምናት ይህንኑ መረጠች።

ከተፋቀላት በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ታክሲ ውስጥ ጆሮዋን ዳበሰች።

«እማዬ፣ የግራ ጉትቻዬ የለም።»

«ቤት አለ፣ የኔ እናት።»

በሩን የከፈተችላቸው ጎረቤታቸው ሕፃን ታቅፋለች።

«ውይ ሲያምር! የማነው?» አለች ሶስና።

ትርንጎ መልሱን መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው ነበር የመጣችው። «የኛ ነው። ናሆም፣ ወንድምሽ። ስድስት ወሩ ነው።»

«እንዴ! ናሆም ብሎ ያወጣለት ማነው?»

«አንቺ ነሻ! እኔማ በአባቴ ስም ልጠራው ነበር፤ አኩርፈሽ አስለወጥሽኝ።»

ሶስና ሳቀች። ሕፃኑ ሳቋን ሲሰማ እጁን ዘረጋላት። ፈራ ተባ እያለች ተቀበለችው። እሱ ግን አልፈራም፤ ትከሻዋ ላይ ተደፍቶ የግራ ጆሮዋን በሁለት ጣቶቹ ያዘና ዓይኑን ከደነ።

«ምን እያደረገ ነው?»

«ሊተኛ ነዋ። ያቺን ጆሮ ሳይዝ አይተኛም። የኔን ብሰጠው እንቢ አለኝ።»

ትርንጎ ጉትቻውን ከመሳቢያ አውጥታ ዘረጋችላት። ሶስና ሕፃኑ እንዳይነቃ አንገቷን ሳታንቀሳቅስ በዓይኗ ብቻ አየችው።

«አስቀምጪልኝ» አለች በሹክሹክታ።