የዓሣው ጉንጭ

ጋሽ ደረሰ አውራ ጣታቸውን የተጠበሰው ዓሣ ጉንጭ ውስጥ ሲሰኩ የኦሊያድ ሆድ ዕቃ ተነሥቶ ጉሮሮው ላይ ቁጢጥ አለ።

ያ ጣት ጠዋት የት እንደነበር ያውቃል። ታቦር ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪናቸው ቱቦ በጨርቅና በፀጉር ተወትፎ እምቢ ሲል፣ ሽማግሌው «በጓንት አይጨበጥም» ብለው እስከ ክርናቸው ገብተው ነው ያወጡት። ከዚያ በኦሞ ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ። ኦሊያድ ከአጠገባቸው ቆሞ ጣት በጣት ሲቆጣጠር ነበር። ለእሱ ግን ያ እጅ ቢቀቀልም አይጠራም።

ዓሣ ጠባሿ ካሰች እንደ ልማዷ ትሪውን ከሌሎቹ ደንበኞቿ አርቃ፣ መኪናቸው የቆመበት አጥር ሥር አቅርባላቸዋለች። ዝንቦቹም አብረው ወርደዋል።

«ዛሬም ጾም ጸሎት ላይ ነህ?» አሉት ጋሽ ደረሰ።

ሥራ ከገባ ጀምሮ ምሳ በቀረበ ቁጥር ጾም ላይ ነው። ሰው ይህን ያህል ከጾመ ወይ ነቢይ ይሆናል ወይ ይሞታል፤ ኦሊያድ ግን ከመኪናው ጀርባ ብስኩት እየበላ ወፈረ።

ሥራውን ያስተማሩት፣ ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ሲል ቀበቶውን ይዘው ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ነገ ጡረታ ይወጣሉ። ዛሬ ካልበላ አብሯቸው ሳይበላ ቀረ።

«ዛሬስ ፈትቻለሁ ጋሼ።»

የሽማግሌው ፊት በራ። ከጉንጩ ነጩን ሥጋ ፈልቅቀው፣ የሚያቃጥለውን ዳጣ አስነክተው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ዘረጉለት። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር መስመር አለ። የምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ።

«በሞቴ!»

ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። ኦሞ ኦሞ ይላል። ዋጠው። ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ዋጠው። እንባው ወረደ።

«ዳጣው ነው» አለ።

«አዎ፣ ዳጣው ነው» አሉ ጋሽ ደረሰ።

የባሰው እንዳለፈ ተሰማውና በተራው ደህና አድርጎ ጠቅልሎ ዘረጋ። «በሉ እንግዲህ፣ እኔም ላጉርስዎ።»

ሽማግሌው አፋቸውን አልከፈቱም። ጠዋት ቱቦውን ሲጠቀልል የነበረውን እጅ አተኩረው አዩት።

«ኦሊያድ… አንተ ታጥበሃል?»

ኦሊያድ አሰበ። የእሳቸውን መታጠብ ሲጠብቅ የራሱን ረስቶታል።

ጉርሻው በመካከላቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዲት ዝንብ መጥታ አረፈችበት።

ጋሽ ደረሰ ዝንቧን እፍ አሏት። ከዚያ ዓይናቸውን ጭፍን አድርገው አፋቸውን ከፈቱ።